አጥንቶ የሚሳሳት ባል

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው የሶፋ ሠሪውን ቤት አላየም። እዚያ ቤት ዝምታው ከነቀዘ ወራት አልፎት ነበር። ነገሩን የሚያብሰው ደግሞ ዝም ያለችው ማን መሆኗ ነው። የሶፋ ሠሪው ሚስት ምላሷ ጤፍ የሚቆላ፣ ዕድሜዋን ማተሚያ ቤት ተቀምጣ ሰው የጻፈውን ስታርም የኖረች ሴት ናት። ሰፈሩም ስሟን ትቶ «አራሚዋ» ይላታል። የሰርግ ካርድ ሲሰጧት መጀመሪያ እስክሪብቶ አውጥታ ስህተቱን ታርማለች፤ «እንኳን ደስ አላችሁ» የሚለው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጸሐፊ ነኝ ባይ ሁሉ ይፈራት ነበር፤ እሷም መፈራቱን አትጠላውም።

ከዚያ ስትሮኩ መጣ። አንድ ጠዋት ጫማዋን ስታስር ቀኝ እጇ አልታዘዝ አላት፤ ባሏን ልትጠራ አፏን ስትከፍት የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። ሐኪሞቹ ነፍሷን አተረፉላት። እግሯም በረታ፤ እጇም እስክሪብቶ መጨበጡ ሲቀር ቀስ በቀስ ተመለሰ። ንግግሯ ግን ቀረ። «የምታውቀውን ሁሉ ታውቃለች፣ ምንም አልጎደለባትም። ቃሉ የሚወጣበት መንገድ ነው የተዘጋባት» አሉት። ሶፋ ሠሪው በዚህ ደስ ይበለው ወይስ ይዘን ግራ ገባው።

የንግግር ባለሙያ መጣችላት፤ ለስላሳ፣ ትሑት ልጅ። ሥዕል ያለባቸው ካርዶች ይዛ «ይሄ ምንድን ነው፣ እማማ? ቁ… ቁል…» ትላታለች። አራሚዋ ቁልፉን ታያለች፣ ልጅቷን ታያለች፣ ከዚያ ካርዱን በግራ እጇ ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ትደፋዋለች። ዕድሜ ልኳን የምሁራንን ዓረፍተ ነገር ስትሰነጥቅ የኖረች ሴት «ቁልፍ» በይ መባሏ አንገበገባት። ባሏ ይህን ያውቃል፤ ግን ሌላ ምን ይደረግ?

የመጀመሪያው ስህተት ስህተት ብቻ ነበር። ከቤቱ ጋር በተያያዘችው የቆርቆሮ ወርክሾፑ ውስጥ የሕፃን ክፍል ወንበር እያለበሰ ነው። አራሚዋ ጨርቅ ያልገባበት ሶፋ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። እንደ ልማዱ ትንንሾቹን ሚስማሮች በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ይመታል። ጨርቁ ላይ የተሳለውን ትልቅ ሰማያዊ ፍጥረት እየወጠረ፣ ሚስማሩን በጉንጩ አድርጎ፣ «አቤት ግዝፈት! ከዓሣ ሁሉ ትልቁ ዓሣ ነባሪ አይደል?» አለ። ለማንም አይደለም፤ ዝምታው ሲከብደው ከወንበር ጋር ማውራት ጀምሮ ነበር።

«ዓሣ… አይደለም!»

ዞሮ አያት። ፊቷ ቀልቷል። በደህናው እጇ የሶፋውን እንጨት ጨብጣለች።

«ያጠባል!» አለች።

ሶፋ ሠሪው ሚስማር ሊውጥ ምንም አልቀረውም። ተፍቶት ወደ ጓሮ ወጣ፤ የስፖንጅ ቁልሉ ላይ ፊቱን ደፍቶ አለቀሰ። ሲመለስ ዓይኑን ጠራርጎ «ቁልፍ በይ እስቲ» አላት። ጀርባዋን ሰጠችው። «ሻይ ላምጣልሽ?» ዝም። ቢቸግረው በማግሥቱ «ሸረሪት እኮ ስድስት እግር ነው ያላት» አለ፤ ይሄኛውን እያወቀ።

«ስምንት!» ጠረጴዛውን መታችው። «ስም… ስምንት! ነፍሳት… አይደለችም!»

በቃ፣ ገባው። ይህቺን ሴት ቃል አስጠንተህ አታናግራትም። ተሳስተህ ነው የምታናግራት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሶፋ ሠሪው ትጉህ ተሳሳች ሆነ። ሥራው ደግሞ እንደሚታሰበው ቀላል አይደለም። ስህተት እንደ ወንበር ስፖንጅ ነው፤ ከጠነከረ ይቆረቁራል፣ ከላላ ይሰምጣል። አንድ ቀን ሰንፎ «ፀሐይ የምትወጣው በምዕራብ ነው» ቢላት የቂል ዓይን አይታው ወደ መስኮቱ ዞረች። ስህተቱ አዋቂ ነኝ ባይ የሚስተው፣ ቢያርሙት ማብራሪያ የሚያስፈልገው መሆን አለበት። ይህን ለማዘጋጀት ደግሞ እውነቱን ማወቅ ግድ ነው። ስለዚህ ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ እየተዋሰ በምሳ ሰዓቱ ያነብ ገባ። ኦክቶፐስ ሦስት ልብ እንዳለው አጠና፤ ለሚስቱ ሁለት አላት። የቱርክ ዋና ከተማ አንካራ መሆኗን አጠና፤ ለሚስቱ ኢስታንቡል አላት። እንዲህ እያለ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የሚስቱ ቃል ሁለት ሆነ፣ አራት ሆነ፣ አንዳንዴ እየተንገዳገደም ቢሆን ዓረፍተ ነገር ሆነ። የሚገርመው ይህ ሁሉ የሚመጣው ስትናደድ ነው። ሻይ አማረኝ ለማለት አሁንም ጣቷን ነው የምትቀስረው።

አንድ ችግር ነበር። ሰው ሲመጣ አፏ ይቆለፋል። በር ሲንኳኳ የጀመረችውን ቃል ውጣ ፊቷን ታዞራለች። የሰውን ስህተት ስትለቅም የኖረች ሴት የራሷን ስብርባሪ ቃል ሰው ፊት ልትዘረጋው አልሆነላትም። ስለዚህ በሰፈሩ ዘንድ አራሚዋ እንደ ዱዳ ናት፤ ባሏ ደግሞ፣ ሳያስበው፣ ሌላ ስም እያተረፈ ነበር።

ታናሽ እህቷ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። አንድ ቀን የእህቷን ኪኒን ይዛ ስትገባ ሶፋ ሠሪው እየጮኸ «ብራዚል ውስጥ ሰው የሚናገረው ስፓኒሽ ነው! ጥርጥር የለውም!» ሲል ሰማችው። ከዚያ በፊት ደግሞ ስለ ኢስታንቡል ሰምታዋለች። ክንዱን ይዛ ወደ በረንዳ አወጣችው።

«ጋሼ፣ አንተ ደህና ነህ?»

«ምን ሆንኩ?»

«ፖርቱጋልኛ መሆኑን እኮ አንተ ነህ የነገርከኝ፣ ያኔ። ራስህን ያምሃል? ቁልፍ የት እንዳስቀመጥክ ትረሳለህ?»

እውነቱን ሊነግራት ፈለገ። በሩ ግን ክፍት ነው፣ ሚስቱም ውስጥ ናት፤ ዘዴው ከታወቀ ንዴቱ ይሞታል ብሎ ፈራ። «እርጅና ነው፣ እህቴ። ምን ታደርጊዋለሽ» አላት። እሷም ዓይኗ እንባ አቅርሮ ሄደች፤ ሄዳም ለፀጉር አስተካካዩ ነገረችው።

ፀጉር አስተካካዩ የቡድናቸው አለቃ ነው፤ ካፒቴን ይሉታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ የጠቅላላ እውቀት ውድድር አለ፤ አራት አራት እየሆኑ ጠረጴዛ ይዘው ይፋለማሉ። ካፒቴን፣ ሶፋ ሠሪው፣ አራሚዋና እህቷ ከካርታ መደርደሪያው አጠገብ ያለውን የጥግ ጠረጴዛ ይዘው ለዓመታት ተጫውተዋል። እርግጥ ተጫወቱ የሚባለው ለደግነት ነው፤ አራሚዋ ትመልሳለች፣ ሦስቱ አብረው ይደሰታሉ። ካፒቴን ደግሞ አፉን መቆጣጠር አይችልም። የሰው ተራ ላይ ዘሎ ይመልሳል። በእሱ የተነሳ ነው አራሚዋ ራሷ ሕግ ያስወጣችው፦ በመጨረሻው ዙር እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ለብቻው ቆሞ በገዛ አፉ ይመልሳል። መጻፍ የለም፣ መጠቆም የለም፤ ከጠረጴዛው ሌላ ሰው ትንፍሽ ካለ ነጥቡ ይሰረዛል። «የካፒቴን ልጓም» ይሉታል ሕጉን።

ካፒቴን ወርክሾፑ ድረስ መጣ። ሶፋ ሠሪው እየሰፋ ነበርና የስፌት መኪናውን አቆመ።

«ጋሽ ሶፋ፣ እኔ ለእትዬ ወንበር ስጠብቅ አንድም ቀን ቅር አላለኝም። ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ።»

«ቅዳሜ ግን የዓመቱ መዝጊያ ነው። አራተኛ ሰው የሌለው አይቀመጥም። ያን ቀን የተመዘገበ ደግሞ የሚመጣውንም ዓመት ወንበሩ የእሱ ነው። እሷ ካልቻለች አማቼን ላስገባ። አንተም ደግሞ…» ጉሮሮውን ጠረገ። «አንተም ትንሽ ደከም ብለሃል ይሉኛል።»

ሶፋ ሠሪው መቀሱን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። ስለ ራሱ የተባለው አልከነከነውም። የከነከነው ወንበሩ ነው። ሚስቱ ከበሽታው ወዲህ ከሐኪም ቤት ሌላ የትም ወጥታ አታውቅም። ያ ወንበር ክፍት እስካለ ድረስ አንድ ቀን የምትሄድበት ቦታ አላት። ሌላ ሰው ከተቀመጠበት ግን እዚሁ፣ የሰው ሶፋ ላይ እንደተቀመጠች ዕድሜዋ ያልቃል።

«ቅዳሜ ትመጣለች» አለ። በምን እንደሚያመጣት አያውቅም።

ለምኗት ነበር፤ እምቢ ብላ ራሷን ነቀነቀች። እህቷ ለመነቻት፤ ዓይኗን ጨፈነች። ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሶፋ ሠሪው ተስፋ ቆርጦ ጫማውን ሲያስር፣ ሳያስበው እንዲህ አለ፦

«እንግዲህ የካፒቴን አማች ይቀመጣል። ምን ይደረግ። ሰውየው እኮ ትናንት ፀጉር ቤቱ ውስጥ የሌሊት ወፍ እንቁላል ትጥላለች ብሎ ሲከራከር ነበር አሉ።»

ይሄኛው ስህተት የእሱ አልነበረም፤ እውነትም ሰውየው ብሎታል። አራሚዋ ቀና አለች። «በ… በወንበሬ ላይ?» ካለች በኋላ ተነሥታ ጫማዋን ትፈልግ ጀመር።

አዳራሹ እንደ ዱሮው ነው። የሚንቋቋው ወለል፣ ጠመኔ ጠመኔ የሚሸቱ ትንንሽ ጥቁር ሰሌዳዎች፣ ጠያቂው ፊት የአሸዋ ሰዓቱ። ጠያቂው ጡረታ የወጣ የትምህርት ቤት ዳይሬክተር ነው፤ ዛሬም ተማሪ የሚቀጣ ነው የሚመስለው። አራሚዋ ስትገባ ሰው ሁሉ ብድግ አለ፤ እሷ ግን ለማንም ቃል ሳትመልስ በአንገቷ ብቻ ሰላም ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ከጎናቸው ዋንጫውን ደጋግመው የወሰዱት ነርሶቹ ናቸው። ካፒቴን ያንን ዋንጫ ፀጉር ቤቱ መስተዋት ፊት ሊያስቀምጠው ቦታ ካዘጋጀለት ቆይቷል።

በሰሌዳ የሚመለሱት ዙሮች ደህና ሄዱ። አራሚዋ ትክክለኛው ላይ ራሷን ትነቀንቃለች፣ ስህተት ሲጽፉ በግራ እጇ ታጠፋባቸዋለች። ካፒቴን በደስታ መቁነጥነጥ ጀመረ። የብቻው ዙር ሲደርስ ከነርሶቹ እኩል ነበሩ። ካፒቴን ቆመ፣ መለሰ። እህትየው ቆመች፣ መለሰች። ነርሶቹ ከአራቱ አንዱን ሳቱ። አሁን ሶፋ ሠሪውና አራሚዋ ብቻ ቀሩ፤ ሁለቱም ከመለሱ ዋንጫው የእነሱ ነው።

ሶፋ ሠሪው ቆመ።

«የአውስትራሊያ ዋና ከተማ የትኛዋ ናት?» አለ ጠያቂው።

ካንቤራ። ያውቃታል! ባለፈው ሳምንት እኮ በምሳ ሰዓቱ አጥንቷታል። ግን የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ። ጥያቄውን ሲሰማ ዓይኑ በራሱ ጊዜ ወደ ሚስቱ ዞረ፤ ዓይኑ ወደ ሚስቱ ሲዞር ደግሞ አፉ የለመደውን ሥራ ሠራ።

«ሲድኒ!» አለ፣ በሙሉ ልብ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ራሱ የተናገረውን ሰምቶ ደነገጠ። ካፒቴን ግንባሩን በመዳፉ ያዘ። አራሚዋ ግን ከወንበሯ ግማሽ ተነሥታ «ካ… ካን…» ብላ ጀምራ፣ ወዲያው ሕጉ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ አፈነችው። ያወጣችውን ሕግ የምትጥስ ሴት አይደለችም። ጉንጯ ቀልቶ፣ ዓይኗ እሳት ለብሶ ባሏን እያየች ተቀመጠች።

ያንን ፊት ካፒቴን አየው። እጁን ከግንባሩ ላይ አወረደ። አንዴ እሷን አየ፣ አንዴ እፍረት ያደቀቀውን ባሏን አየ። ስለ ኢስታንቡልና ስለ ስፓኒሽ የሰማው ሁሉ በአእምሮው ተመላለሰ መሰለኝ፤ ፀጉር ቆራጭ የሰው ፊት በመስተዋት ሲያይ የሚውል ሰው ነው፣ ቶሎ ይገባዋል። ጎንበስ ብሎ ሶፋ ሠሪውን «አንተ ጉደኛ! ስታናግራት ነው ለካ የከረምከው» አለው። ጠያቂው ግን የሚስቱን ተራ እየጠራ ነበር።

ዋንጫው ገና አልሄደም። እሷ ከመለሰች ከነርሶቹ እኩል ይሆናሉ፤ በተጨማሪ ጥያቄ ይለያሉ። አራሚዋ ጠረጴዛውን ተደግፋ ቆመች።

«ከፕላኔቶች ሁሉ እጅግ የሚሞቀው የትኛው ነው?» ጠያቂው የአሸዋውን ሰዓት ገለበጠ።

ሶፋ ሠሪው ፊቷን አየ፤ ታውቀዋለች። መልሱ እዚያው ነው፣ ከጥርሷ ጀርባ። ከንፈሯን ከፈተች። ምንም። እንደገና ሞከረች። «እ… ቬ…» አለችና ቆመ። አሸዋው ይወርዳል። አንገቷ ላይ ያለው ጅማት ተገተረ። ከኋላ አንድ ሰው ሳል ሲል ደነገጠች፤ ዓይኗ ወደ በሩ ሄደ። አሁን ከዚህ በር ከወጣች እንደማትመለስ ሶፋ ሠሪው እንደ ስሙ ያውቃል። አንድ የተሳሳተ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት። ቃሉም አፉ ላይ ነበር። ግን አንድ ነጥብ አጥፍቷል፤ ሁለተኛውንም ካጠፋ የካፒቴን ዋንጫ አበቃለት። እንደ ለማኝ ቀና ብሎ ካፒቴንን አየው።

ካፒቴን እጆቹን አጣምሮ፣ ጮክ ብሎ፣ አዳራሹ እስኪሰማው፣

«ሜርኩሪ ነዋ! ለፀሐይ የሚቀርበው እሱ አይደለም እንዴ? ምን ያስጨንቃል!» አለ።

አራሚዋ ወደ እሱ ዞረች።

«አንተም?» አለች። «አንተም… ሜርኩሪ ትላለህ? ሜርኩሪ አየር… አየር የለውም! ሙቀቱን አይዝም! ሌሊቱ… በረዶ ነው! ቬነስ! ቬነስ ነው! ደመናው… አፍኖ ይይዘዋል። ቅርብ መሆን… ብቻውን… ምን ያደርጋል!»

የመጨረሻዋ ቃል አዳራሹን ዞራ ተመለሰች። አራሚዋም ያን ጊዜ ነው የት እንዳለች ትዝ ያላት። ዙሪያዋን አየች። ሰው ሁሉ ያያታል። ሶፋ ሠሪው ትቀመጣለች፣ ፊቷን ትሸፍናለች ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን አልተቀመጠችም። ትንፋሿን ሰብስባ ወደ ጠያቂው ዞረችና፣ ዝግ ብላ፣

«ካፒቴን… ትንፍሽ ብሏል። ነጥቡ… ይሰረዝ» አለች።

«ሕጉ ነው» አለ ጠያቂው፣ ድምፁ ትንሽ ተንቀጥቅጦ። «ይሰረዛል።»

ዋንጫውን ነርሶቹ ወሰዱ። ጠያቂው መዝጊያው ላይ እየዞረ «የጥግ ጠረጴዛ፣ ለሚመጣው ዓመት አራተኛ ሰው?» ብሎ ሲጠይቅ ካፒቴን አፉን ሊከፍት ነበር፤ አራሚዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«እኔ» አለች።

እህትየው የወንበሩን መደገፊያ ይዛ ታለቅሳለች፤ እያለቀሰችም ሶፋ ሠሪውን ትከሻው ላይ በቡጢ መታችው። «እርጅና ነው ብለህ! ሁለታችሁን ልቀብር ነው ብዬ ስንት ቀን እንቅልፍ አጣሁ!» ካፒቴን ደግሞ ነርሶቹ የተሸከሙትን ዋንጫ በዓይኑ እየሸኘ፣ «ቢሆንም ሜርኩሪ ሳይሆን አይቀርም» አለ። አራሚዋ ዞር ስትል «ቀልዴን ነው፣ እትዬ፣ ቀልዴን ነው!» ብሎ ከወንበሩ ኋላ ተሸሸገ።

ባልና ሚስት ወደ ቤት በእግራቸው ተመለሱ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ጎዳናው ላይ ሱቆቹ ክፍት ናቸው፣ በየበረንዳው የተሰጣው ልብስ ይሰበሰባል። ሶፋ ሠሪው ሚስቱን በክንዷ ይዟታል። ስለ ሲድኒ ይቅርታ ሊጠይቅ ቃል እየፈለገ ነበር፤ ቀደመችው።

«ዓሣ ነባሪው…» አለች፣ «ከልብህ ነው… የተሳሳትከው።»

ቆመ። «አዎ።»

«ሌላው ሁሉ… ውሸት።»

ሶፋ ሠሪው ጆሮው ድረስ ቀላ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሸረሪቷ።»

«ሁለተኛዋ? ከመጀመሪያው አንስቶ? እና ታዲያ ምን ያናድድሽ ነበር?»

አራሚዋ ይህ ምን ጥያቄ ነው በሚል ዓይን አየችው። «ስህተት… ስህተት ነው።» ጥቂት እርምጃ ሄዱ። ከዚያ ክንዱን ጠበቅ አድርጋ ይዛ፣ «ደግሞ… ስታጠና… አይህ ነበር። በመስኮቱ። ምሳህን… ሳትበላ» አለች።

ሶፋ ሠሪው አንገቱን ደፍቶ ተራመደ። አሁን ደግሞ እሱ ነው ቃል ያጣው። አራሚዋ ጎን ለጎን እየሄደች አየችው፤ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ከዚያ ከጣሪያዎቹ በላይ፣ በቀን የወጣችውን የነጣች ጨረቃ በደካማው እጇ ጠቆመችው።

«ጨረቃ…» አለች፣ «የራሷ… ብርሃን ነው ያላት።»

«ኧረ በጭራሽ!» አለ ሶፋ ሠሪው፣ ሳያስበው። «ከፀሐይ ነው የምታገኘው! ምን ሆነሻል፣ የሚያበራው የፀሐይ…» አለና ፊቷን አየ። የአፏ ዳር ሊስቅ ደርሶ ታፍኗል።

እንደ ሞኝ ቆሞ አያት። ከዚያ ሳቀ፣ ዓይኑንም በእጅጌው ጠረገ፤ ቤታቸው እስኪደርሱም ድረስ ስለ ጨረቃ ያነበበውን ሁሉ፣ አንድም ሳያስቀር፣ በትክክል አስረዳት። እሷም ሁለት ቦታ ላይ አረመችው።